በትዝታ የቀረን ምግብ መልሶ መሥራትና ለግብዣ መክፈቻ ማቅረብ

በልጅነት የተበላ ምግብ ብዙ ዓመት ካለፈም በኋላ ጣዕሙ ከአፍ አይጠፋም። አሠራሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ አልሰፈረም፣ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ላይኖር ይችላል፣ እኛም የምናስታውሰው ከመብላቱ ጋር የተያያዘውን ስሜት እንጂ የጨውና የዘይቱን ልክ አይደለም። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ምግብ ደረጃ በደረጃ መልሶ ለመሥራት፣ ከዚያም እንግዶች ቆመው እየተጨዋወቱ በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ የሚጨርሱት የግብዣ መክፈቻ አድርጎ ለማቅረብ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከአንድ ምግብ በትዝታ ውስጥ የሚቀረው ሁሉም ነገር ሳይሆን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የድስቱ ሥር ያዘለው ቅርፊት፣ የሽንኩርቱ ጣፋጭነት፣ የሥጋው ልስላሴ ወይም በወረቀት የተጠቀለለው ጨው ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ ነገር በዚህ ጽሑፍ «የምግቡ መለያ» እለዋለሁ። መለያው ከተገኘ ሌላው ሁሉ ቢለወጥም ምግቡ ያው ምግብ ሆኖ ይቆያል፤ መለያው ከጠፋ ግን የቀረው ሁሉ በትክክል ቢሠራም ቀማሹ «ጥሩ ነው፣ ግን ያ አይደለም» ይላል።

ትዝታውን በጽሑፍ ማውጣት

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ወረቀትና ብዕር ይዘው ይቀመጡ፤ ከሽታም ይጀምሩ። ምግብ ስናኝክ መዓዛው በአፍ ጀርባ በኩል ወደ አፍንጫ ስለሚወጣ፣ «ጣዕም» የምንለው ነገር ትልቁ ክፍል በእርግጥ ሽታ ነው፤ የማሽተት መልእክትም ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች በአጭር መንገድ ይደርሳል። ስለዚህ «ምን ነበረበት?» ብሎ ከመጠየቅ «ከበር ስገባ ምን ይሸተኝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ከሽታው በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይመልሱ። ምግቡ ሲቀርብ ትኩስ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ? ሲነከስ ድምፅ ነበረው ወይስ አልነበረውም? የሚበላው በእጅ ነበር ወይስ በማንኪያ? የሚሠራው በምን ዕቃ ነበር፣ ዕቃውስ ስስ ነው ወይስ ወፍራም? ሽታው ቤቱን ከሞላ በኋላ እስኪቀርብ ድረስ ምን ያህል እንጠብቅ ነበር? በመጨረሻም፣ ልጆች የሚሻሙት የትኛውን ክፍል ነበር?

ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። አክስቴ ዝናብ ባለበት ምሽት ድንችና ሽንኩርት በመጥበሻ ትሠራልን ነበር። ካደግሁ በኋላ ይህን ምግብ ለመሥራት ስሞክር ጥሩ ድንች መረጥሁ፣ በዘይቱ ፈንታ የገበታ ቅቤ አደረግሁ፣ እንዳያርብኝም እያማሰልሁ በጥንቃቄ አበሰልሁት፤ የወጣው ለስላሳና ጣፋጭ ምግብ ቢሆንም ከአክስቴ ምግብ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። ትዝታዬን ስጽፍ ግን እኔና ወንድሞቼ የምንጣላው ከመጥበሻው ሥር በቢላዋ ለሚፋቀው ቡናማ ቅርፊት እንደነበረ አስታወስሁ። አክስቴ መጥበሻውን ጥዳ ወደ ሌላ ሥራ ትሄድ ነበር፤ መጥበሻው ስስ፣ እሳቱም ያልተቀነሰ ስለነበረ ድንቹ ሥር ይይዛል። እኔ በጥንቃቄ ያስወገድሁት ነገር መለያው ራሱ ነበር።

የጻፉትን መልሰው ሲያነቡ በሁለት ነገሮች ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ብርቱ ጣፋጭነትን ይወዳሉ፣ ምሬትንም አብዝተው ይሸሻሉ፤ በዚህ ምክንያት ዛሬ «በቂ» የሚመስልዎ ስኳር በልጅነትዎ ከነበረው ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ጉዳይ ትዝታዎን ብቻ ሳይሆን ሌላ ቀማሽም ይመኑ። ሁለተኛ፣ በልጅ እጅ ትልቅ የነበረው ቁራሽ በአዋቂ እጅ ትንሽ ነው፤ ስለ መጠን ያለን ትዝታ ሁሉ ከእጃችን ጋር የተለካ ነው።

ምስክር መጠየቅና ልኩን መያዝ

ምግቡን የሠራው ሰው በሕይወት ካለ አሠራሩን በቃል ከመጠየቅ ይልቅ አብረውት ይሥሩ። ለብዙ ዓመታት በእጁ የሠራ ሰው ልኩን በቃል ሲናገር ይሳሳታል፤ እጁ ግን አይሳሳትም። የወጥ ቤት ሚዛን አጠገብዎ ያድርጉና እናትዎ ወይም አያትዎ ጨው ሊጨምሩ እጃቸውን ሲዘረጉ በትሕትና አስቁመው ወደ ትንሽ ሳህን እንዲያደርጉት ይለምኗቸው፤ መዝነው ከጻፉ በኋላ ወደ ድስቱ ይጨምሩት። «አንድ እፍኝ» ካሉ ሦስት ጊዜ አስዘግነው መዝነው አማካዩን ይውሰዱ። «በዚያች ብርጭቆ» ካሉ ብርጭቆዋን ፈልገው ውኃ ሞልተው ይመዝኑት፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ስለሚመዝን የብርጭቆዋን ይዘት ወዲያውኑ ያውቃሉ። ብርጭቆዋ ከተሰበረች፣ የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል በሚለው ልማዳዊ ልክ ይነሡ። ዱቄት የሚለካው ግን በሚዛን መሆን አለበት፤ ተጠቅጥቆ የተሞላና ተነፍቶ የተሞላ ኩባያ እጅግ ይለያያሉ።

የሚያዩትን ሁሉ ይጻፉ እንጂ ዋና ዋናውን ብቻ አይምረጡ። ክዳኑ መቼ እንደተከደነ፣ ማማሰያው ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ሽንኩርቱ የተቁላላው በዘይት ነው ወይስ መጀመሪያ ደረቁን እንደሆነ፣ የሚሠራው ሰው መቼ ከምድጃው እንደራቀ ይመዝግቡ። ከምድጃ መራቅም የአሠራሩ አካል እንደሆነ ከአክስቴ መጥበሻ ተምሬአለሁ።

የሠራው ሰው ከሌለ አብረው የበሉትን ይጠይቁ፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ። አንድ ላይ ከሆኑ የመጀመሪያው ተናጋሪ የሌሎቹን ትዝታ ይመራዋል። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያነሡትን ነገር እንደ እርግጠኛ፣ አንዱ ብቻ ያነሣውን እንደ ግምት ይያዙት።

መሞከርና የጎደለውን መለየት

የመጀመሪያውን ሙከራ በግማሽ ወይም በሩብ መጠን፣ ግብዣው ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይሥሩ። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ዘይቱንም እሳቱንም ሽንኩርቱንም በአንድ ቀን ከለወጡ የተሻለው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ምግቡ «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ሲባል ወደ ቅመም መሮጥ የተለመደ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ጨውን ይፈትሹ። ለብዙ በሳል ምግቦች የጨው መነሻ ልክ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ነው፤ ማለትም ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ግራም። ጨው በቂ ከሆነና ምግቡ አሁንም ድፍን ያለ ከመሰለ ጥቂት ሎሚ ወይም አቼቶ በአንድ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው ይቅመሱ፤ ቁጭ ብሎ የነበረው ጣዕም ሲነሣ ያዩታል። ይህም ካልሠራ እሳቱን ይመርምሩ። ሥጋም ሆነ ድንች ወይም ዳቦ ቡናማ ሲሆን የሚያወጣው ጣዕም፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ በፕሮቲን ውስጥ ባሉ አሚኖ አሲዶችና በስኳር መካከል የሚካሄድ ለውጥ ነው፤ ይህ ለውጥ በፍጥነት የሚካሄደው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ነው። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ስለሆነ እርጥበት ያለበት መጥበሻ ከዚያ አያልፍም፤ ስለዚህ መጥበሻው ከተጨናነቀ ምግቡ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የድሮው ምግብ «የሚሸት» የነበረው በትንሽ በትንሹ ስለተጠበሰ ሊሆን ይችላል።

ሾርባና ስጎ ጥልቀት ከጎደላቸው ደግሞ ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር ተክል መረቅ ለይቶ ያወጣውን፣ ጥልቅ ጣዕም የሚሰጠውን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ያስቡ፤ በበሰለ ቲማቲም፣ በደረቀ እንጉዳይና ብዙ በቆየ አይብ ውስጥ በብዛት ይገኛል። የቲማቲም ድልህ አንድ ማንኪያ በዘይት እስኪጠቁር ድረስ ማቁላላት ብዙ ጊዜ የጠፋውን ነገር ይመልሳል።

ወደ አንድ ጉርሻ ማሳነስ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁን ምግብ ሠርቶ መቆራረጥ መክፈቻ ምግብ አያደርገውም፤ ሲያንስ የምግቡ ጠባይ ይለወጣልና። ወርድና ቁመቱ ሁሉ በግማሽ ያነሰ ምግብ ከይዘቱ አንጻር ያለው ገጽታ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ይበዛል፣ ውስጡ በፍጥነት ይበስላል፣ በፍጥነትም ይደርቃል፣ በሳህን ላይ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። መለያው ቅርፊት ለሆነ ምግብ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ መለያው ልስላሴ ለሆነ ምግብ ግን እርጥበትን የሚይዝ ነገር መጨመር ወይም በስጎ መሸፈን ያስፈልጋል።

ሦስት ነገሮችን በዚህ ደረጃ ይወስኑ። የመጀመሪያው፣ ምግቡ ያለ ሹካና ያለ ጠረጴዛ፣ በአንድ እጅ ብርጭቆ በተያዘበት ሁኔታ መበላት መቻሉ ነው፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይ ያጥብቁት ወይ በትንሽ ኩባያ ከማንኪያ ጋር ያቅርቡት። ሁለተኛው ክብደቱ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ግራም ያለው በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ ያልቃል። ሦስተኛው ጣዕሙ ነው። አንድ ሳህን ሙሉ የሚበላ ምግብ ቀስ በቀስ ይጥማል፤ አንድ ጉርሻ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ ስለዚህ መለያው በመጀመሪያው ንክሻ ላይ መገኘት አለበት። ቀዝቅዞ የሚቀርብ ከሆነም ቅዝቃዜ ጣዕምን ስለሚያደበዝዝ ጨውና አሲዱን ትኩሱን ሳይሆን ቀዝቃዛውን ቀምሰው ያስተካክሉ።

የሚከተሉት ሦስት ምግቦች በዚህ መንገድ የተሠሩ የራሴ ናቸው። እንደ ምሳሌ ይውሰዷቸውና የራስዎን ትዝታ በቦታቸው ያስገቡ።

ሥር የያዘ ድንችና ሽንኩርት

መለያው ቅርፊት ነው። በመጥበሻ ሲሠራ ቅርፊት የሚያገኘው ሥሩ ብቻ ስለነበረ ልጆች ይጣሉ ነበር፤ በትንንሽ የኬክ ቅርጽ ማውጫ ሲጋገር ግን እያንዳንዱ ቁራሽ ዙሪያውን ሁሉ ቅርፊት ይይዛል፤ የሚጣላም አይኖርም።

ለ36 ያህል ቁራሽ አንድ ኪሎ የተላጠ ድንች፣ 500 ግራም ሽንኩርት፣ ሁለት እንቁላል፣ 40 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 12 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬና 135 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ያዘጋጁ። ድንቹ ሲበስል የሚፈረፈረው ደረቅ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

በመጀመሪያ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፈው በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በትንሽ ጨው፣ ለዘብ ባለ እሳት ያቁላሉት። ይህ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ በአሥር ደቂቃ ቡናማ ይሆናል የሚሉ አሠራሮችን አይመኑ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ ውኃው ካለቀ በኋላ ብቻ መቅላትና መጣፈጥ ይጀምራል። ሥር መያዝ ሲጀምር አንድ ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርገው የያዘውን በማማሰያ እያላቀቁ ከሽንኩርቱ ጋር ያዋሕዱት። ሲቀላ አውርደው ያቀዝቅዙት።

ሽንኩርቱ ሲደርስ ድንቹን በመሞረጃ ይሞርዱትና ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ አድርገው አጥብቀው ይጭመቁት፤ የሚወጣውን ውኃ ግን አይድፉት። ውኃውን በጎድጓዳ ሳህን አሥር ደቂቃ ያቆዩትና ከላይ ያለውን በቀስታ ሲያንቆረቁሩ ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ያገኛሉ፤ ይህ የድንቹ ስታርች ነው፤ ወደ ድንቹ ሲመለስ አያያዡንም ቅርፊቱንም ያጠነክረዋል። ድንቹን፣ ስታርቹን፣ ሽንኩርቱን፣ የተመታውን እንቁላል፣ ዱቄቱን፣ የቀረውን ጨውና ቁንዶ በርበሬውን ያዋሕዱ። የተሞረደ ድንች አየር ሲያገኝ ስለሚጠቁር ከዚህ በኋላ አይዘግዩ።

ኦቨኑን በ200 ዲግሪ ያሙቁ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት አድርገው ማውጫውን ባዶውን አምስት ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ያቆዩት። ድንቹ ትኩስ ዘይት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ጩኸት ቅርፊቱ መጀመሩን ይነግርዎታል፤ ጩኸት ካልሰሙ ዘይቱ አልጋለም፣ ድንቹም ይጣበቃል። ሠላሳ ግራም ያህል ሞልተው፣ በማንኪያ ጀርባ ተጭነው፣ ጠርዙ ጠቆር እስኪል ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋግሩት። አምስት ደቂቃ በማውጫው ውስጥ ያሳርፉትና በቢላዋ ጫፍ ዙሪያውን አላቅቀው ያውጡት። ኦቨን ከሌለዎ በማንኪያ እየቆነጠሩ በመጥበሻ ላይ ጠፍጣፋ አድርገው፣ እየደጋገሙ ሳያገላብጡ፣ በእያንዳንዱ ጎን አራት ደቂቃ ያህል ይጥበሱት።

ከላይ በጨው የተመታ ወፍራም እርጎ በትንሹ ያድርጉበት፤ ቀዝቃዛና ኮምጣጣ የሆነው እርጎ ትኩሱንና ጣፋጩን ቅርፊት ያጎላዋል። እርጎው በአክስቴ ቤት አልነበረም፤ ሆኖም መለያውን ስለሚያግዝ እንጂ ስለማይሸፍን ጨምሬዋለሁ። አዲስ ነገር ለመጨመር ሲያስቡ የእርስዎም መመዘኛ ይኸው ይሁን።

የእናቴ ድቡልቡል ሥጋ በቲማቲም

ይህ ምግብ ያስተማረኝ ሌላ ነው። እናቴ የተፈጨ ሥጋ ድቡልቡል አድርጋ በቲማቲም ስጎ ስትሠራ ሥጋው በማንኪያ የሚቆረጥ ለስላሳ ነበር። እኔ በራሴ ገንዘብ ስገዛ ሥጋ አበዛሁ፣ ዳቦውን ተውሁ፤ ድቡልቡሉም ጠጣር ሆነ። እናቴን ስጠይቃት ያደረ ዳቦ በወተት አርሳ ትጨምር የነበረው ሥጋው ለሁላችን እንዲዳረስ እንደነበረ ነገረችኝ። የቁጠባው ዘዴ የልስላሴውም ምክንያት ነበር፤ በወተት የራሰ ዳቦ እርጥበትን ይዞ ይቆያል፣ የሥጋው ፕሮቲንም ተሳስሮ እንዳይጠብቅ ይከለክለዋል።

50 ግራም ያደረ ዳቦ ፍርፋሪ በ80 ሚሊ ሊትር ወተት ለአሥር ደቂቃ ያርሱና በእጅ አድቅቀው እንደ ሊጥ ያድርጉት። 500 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ትንሽ የተሞረደ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ 8 ግራም ጨውና ቁንዶ በርበሬ ጨምረው በጣቶችዎ እስኪዋሐድ ድረስ ብቻ ያደባልቁ፤ ጨው የገባበት ሥጋ ብዙ ከታሸ ይጠጥራል። ሁሉንም ከማድበልበልዎ በፊት አንዲት ቁራጭ ጠብሰው ጨውን ይቅመሱ። እጅዎን በውኃ እያረጠቡ በ20 ግራም ያድበልብሉ፤ ከ35 ያላነሰ ይወጣል። በ220 ዲግሪ ኦቨን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ካቀሉ በኋላ በተዘጋጀ የቲማቲም ስጎ ውስጥ አሥር ደቂቃ ለዘብ ባለ እሳት ያንተክትኳቸው፤ የመሐሉ ሙቀት ቢያንስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ስጎው ለግብዣ ሲሆን ከቤቱ ይልቅ ወፈር ይበል፤ እንዳይንጠባጠብ ያህል ሥጋውን ሸፍኖ ይቅር። በስቴኪኒ ወግተው ያቅርቡ።

የመንገድ እንቁላል

አባቴ ረጅም መንገድ ስንሄድ የተቀቀለ እንቁላልና በወረቀት የተጠቀለለ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይይዝልን ነበር። የዚህ መለያው እንቁላሉ ሳይሆን ወረቀቱ ውስጥ ያለው ድብልቅ ስለሆነ አስኳሉን ከማዮኔዝ ጋር መፍጨት ትዝታውን ያጠፋዋል። ጥቂት ቀን የቆዩ እንቁላሎች ሲላጡ ስለሚቀልሉ 12 እንቁላል አስቀድመው ይግዙ፤ በሚፈላ ውኃ ቀስ ብለው አስገብተው 11 ደቂቃ ይቀቅሉና ወዲያውኑ በበረዶ ውኃ ያቀዝቅዙ። ብዙ ከቆዩ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይወጣል፤ ይህ የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፤ ጉዳት ባይኖረውም ሽታውን ያበላሻል። ፍሬ ቁንዶ በርበሬ በደረቅ መጥበሻ ለአንድ ደቂቃ አምሰው ሻካራ አድርገው ይፍጩና ከሸካራ ጨው ጋር እኩል ያደባልቁ። እንቁላሉን ለሁለት ከፍለው ድብልቁን በትንንሽ የወረቀት ጥቅል አጠገቡ ያስቀምጡ፤ እንግዳው ራሱ ይፍታና ይነስንስ።

ብዛትና ሰዓት

መክፈቻው ካለቀ በኋላ ምሳ ወይም እራት የሚከተል ከሆነ ለአንድ ሰው አምስት ያህል ቁራሽ ይበቃል፤ ሌላ ምግብ ከሌለ ከ10 እስከ 12 ያስቡ። ለሃያ እንግዳና እራት ላለበት ግብዣ ስለዚህ 100 ቁራሽ ያስፈልጋል፤ ከላይ ያሉት ሦስት አሠራሮች ሲደመሩ ወደዚያ ይጠጋሉ። ከሦስት ዓይነት በላይ አይሥሩ። አንዱ ከኦቨን ትኩሱን የሚወጣ፣ አንዱ ድስት ውስጥ ሞቆ የሚቆይ፣ አንዱ ቀዝቅዞ የሚቀርብ ከሆነ ምድጃው አይጨናነቅም፤ እርስዎም ከእንግዶችዎ ጋር ይቀመጣሉ።

ከግብዣው በፊት ባለው ቀን ሽንኩርቱን ያቁላሉ፣ ድንቹን ጋግረው ያቀዝቅዙና ፍሪጅ ያስገቡ፣ ድቡልቡሉን ከነስጎው አብስለው በሰፊ ዕቃ ዘርግተው ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ያድርጉ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬውንም ይጠቅልሉ። በዕለቱ ጠዋት እንቁላሉን ይቀቅሉ፤ እንግዶች ከመድረሳቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ይላጡት። ድንቹን በ200 ዲግሪ አሥር ደቂቃ መልሰው ሲያሞቁት ቅርፊቱ ይመለሳል፤ በማይክሮዌቭ ግን ይለሰልሳልና አያድርጉት። የመጀመሪያውን ድንች እንግዶች በር ላይ ሲደርሱ ከኦቨን እንዲወጣ አድርገው ያሰሉት፤ ትዝታው በመዓዛ እንደጀመረ ሁሉ ግብዣውም በመዓዛ ይጀምር።

በሳህን ላይ የተዘረጋ በሳል ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይያዝ፤ በመካከል ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከማውጣት በትንንሽ ሳህን እየተኩ ማቅረብ የሚሻል ሲሆን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ሰሊጥ ወይም ለውዝ የማይስማማው እንግዳ መኖሩንም ስትጋብዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በየሳህኑ አጠገብም ምን እንዳለበት በካርድ ላይ ይጻፍ። በዚያው ካርድ ላይ ስለ ምግቡ ትዝታ አንድ ዐረፍተ ነገር ማከል ይቻላል፤ ከአንድ በላይ ግን እንግዳው ቆሞ አያነብም።

ከግብዣው በኋላ መመዝገብ

በማግስቱ፣ ሳይረሳ፣ ያደረጉትን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ይገልብጡ። ልኮቹን በግራም፣ እሳቱን በዲግሪ፣ ጊዜውን በደቂቃ ይጻፉ፤ የትኛው ሳህን ቀድሞ እንዳለቀና የትኛው እንደተመለሰ፣ ምግቡን ድሮ የበሉ ሰዎች ሲቀምሱ የተናገሩትንም ቃል በቃል ይመዝግቡ። ከሁሉ በላይ፣ በገጹ አናት ላይ፣ ከግብዓቶቹም በፊት፣ መለያውን ይጻፉት፤ ምክንያቱም ሌላው ሰው ይህን ወረቀት ይዞ ሲሠራ ድንቹን ወይም ዘይቱን ሊለውጥ ይችላል፣ የማይለወጠውን ማወቅ ግን ያስፈልገዋል። በእኔ የድንች ገጽ አናት ላይ የተጻፈው «ሥር እስኪይዝ አይነካ» የሚል ሲሆን፣ ከሥሩ አክስቴ በራሷ እጅ ጽሑፍ «እሳቱም አይቀነስ» ብላ ጨምራበታለች።